ሞተሩ ይርከስ፣ ዲስኩ ይወደድ

መሣሪያ ሊገዛ መርካቶ የሚወርድ ወዳጅ ሁሉ ከመሄዱ በፊት ይደውልልኛል። "ርካሹን ልግዛ ወይስ ውዱን?" ይለኛል። "የቱን ክፍል?" ስለው ይናደዳል። ግን ጥያቄዬ የምር ነው። ግራይንደር፣ ማለትም ብረት መቁረጫና መፋቂያውን፣ ስትገዙ የምትገዙት ሁለት ነገር ነው፤ ሞተርና ዲስክ። ሞተሩ ያዞራል፣ ብረቱን የሚነካው ዲስኩ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን ሞተሩ ላይ ይጨርስና ዲስኩ ላይ ይሰስታል። እኔ ግልባጩን ነው የምመክረው። ብረቱን የሚነካው ነገር ላይ አውጡ፤ ዲስክ፣ ፑንታ (የመሰርሰሪያው ጫፍ)፣ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንጉ)። የሚያዞረው መካከለኛ ቢሆን ግድ የለም። ከዚህ ውጭ የሚሆኑ ነገሮች አሉ፣ በየቦታቸው እነግራችኋለሁ።

የምኖረው አርሲ፣ ኢተያ ነው። ቀን ቴክኒክና ሙያ አስተምራለሁ፤ ማታና ቅዳሜ ጓሮዬ ባለችው ቆርቆሮ ቤት እበይዳለሁ። አርሲ በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ከተቋቋመ ወዲህ ትራክተር የለመደ አገር ነው። ስለዚህ እኔ ጋ በር ሊያሠራ ከሚመጣው ይልቅ የተሰነጠቀ ዲስክ ማረሻ፣ የተጣመመ መከስከሻ፣ አንገቱ የተበጠሰ ተሳቢ ይዞ የሚመጣው ይበዛል። የበር ብየዳ ቢለቅ በሩ ይንጋደዳል። የተሳቢ ብየዳ ቢለቅ ግን ስንዴ የጫነ ተሳቢ አስፋልት ላይ ብቻውን ይሄዳል። የምጽፈው ይህን እያሰብኩ ነው።

ግራይንደር

ለጓሮ ሥራ ትንሿ፣ ባለ 115 ወይም ባለ 125 ሚሊ ዲስክ የምትይዘው፣ ትበቃለች። ኢንግኮም ሆነ ቶታል፣ በየከተማው የሚሸጡት ርካሽ ብራንዶች ለቅዳሜ ሠራተኛ ያገለግላሉ። ስትገዙ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ካርቦኗ፣ ማለትም ለሞተሩ መብራት የምታቀብለው ትንሿ ቁራጭ፣ ከውጭ በካቻቢቴ የሚከፈት ክዳን ይኑራት። ካርቦን ማለቁ አይቀርም፤ እሱን ለመቀየር ሙሉውን አካል መፍታት ካለባችሁ አንድ ቀን ትጥሏታላችሁ። ሁለተኛ፣ ባዶዋን አስነሥታችሁ አጥፏትና ስትቆም ስሙ። ኩሽኔታዋ የሚንጫጫ ከሆነ ከሱቅ ሳትወጡ መልሱ።

ቀኑን ሙሉ ለሚፈጭ ሰው ግን ሌላ ነው። የቦሽ ሰማያዊው ወይም ማኪታ ዋጋውን ያወጣል፤ መለዋወጫው ይገኛልና። ቦሽ አረንጓዴውን ለቤት፣ ሰማያዊውን ለባለሙያ ነው የሚሠራው። "ቦሽ ገዛሁ" ብላችሁ ከመኩራራታችሁ በፊት ቀለሙን እዩ።

አሁን ወደ ዲስኩ። መሐሉ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ ላይ ወርና ዓመት ተጽፏል። የመጠቀሚያው ጊዜ ማብቂያ ነው። ዲስኩን አንድ ላይ የያዘው ሙጫ ነው፣ ሙጫ ደግሞ ያረጃል፣ እርጥበትም ይበላዋል። ጥሩ አምራች በተመረተ በሦስት ዓመቱ ያበቃል ብሎ ይጽፍበታል። ቀኑ ያለፈበት ዲስክ በቅናሽ ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ጭራሽ ያልተጻፈበትን ደግሞ በነፃም አትውሰዱ።

ሌላው እዚህ አገር የማየውና የሚያስፈራኝ ነገር የትንሿን ግራይንደር መከለያ አውልቆ ትልቁን ባለ 230 ዲስክ መግጠም ነው። ሒሳቡ ይኸውና። ትንሿ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ትዞራለች። ባለ 230 ዲስክ የተሠራው ለ6,600 ዙር ነው። ትንሿ ላይ ሲገጠም ጠርዙ በሰከንድ ከ130 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የተፈቀደለት 80 ነው። ዲስኩ ሲበተን ደግሞ ፊታችሁ የት እንደሆነ አይጠይቅም።

ለመቁረጥ ባለ 1 ሚሊውን ቀጭን፣ ለመፋቅ ባለ 6 ሚሊውን ወፍራም ያዙ። በቀጭኑ ጎን መፋቅ ክልክል ነው። ብየዳ ለማለስለስ ባለ ቅጠሉን ዲስክ ስትገዙ ዚርኮኒያ የሚለውን ምረጡ። ቡናማው ርካሹ ቶሎ ይላጣል፤ ሁለት ሦስቱን ስትጨርሱ የአንዱን ዚርኮኒያ ዋጋ ከፍላችኋል።

የብየዳ ማሽን፦ ቁጥሩን አትመኑ፣ አስሉት

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልሂድ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

መርካቶ ስትገቡ በአንድ እጅ የምትነሣ፣ ኢንቨርተር የምትባል ቀላል የብየዳ ማሽን ታያላችሁ። ጎኗ ላይ በትልቁ 300 ተጽፏል። ሻጩ "ሦስት መቶ አምፔር ናት፣ ባቡር ትበይዳለች" ይላችኋል። እናንተ ሶኬቷን እዩ። ተራ ባለ 16 አምፔር ሶኬት ከሆነ ወሬው እዚያው አለቀ።

እንዴት? የኤሌክትሮድ ብየዳ ቮልት በግምት 20 ሲደመር የአምፔሩ 4 በመቶ ነው። 300 አምፔር ከሆነ 32 ቮልት ማለት ነው። 300 በ32 ሲባዛ 9,600 ዋት። ማሽኑ ራሱ ከሚወስደው 15 በመቶ ያህል ያባክናል፣ ስለዚህ ከግድግዳው የሚስበው 11,300 ዋት አካባቢ ነው። ለ220 ስታካፍሉት 51 አምፔር ይወጣል፤ ያውም ሲያንስ። ይህን የሚሸከም ሶኬት ቤታችሁ የለም። እንዲያውም ባለ 16 አምፔር ሶኬት ከነምርቃቱ የሚሰጣችሁ 120 አምፔር ገደማ ብየዳ ነው።

ደስ የሚለው ግን ከዚያ ብዙ የሚበልጥ አያስፈልጋችሁም። ባለ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይበቃዋል። ባለ 3.2 ከ100 እስከ 130። የማረሻና የተሳቢ ሥራ አብዛኛው በ3.2 ያልቃል። ስለዚህ የምትፈልጉት እውነተኛ 160 አምፔር የሆነ ማሽን ነው። እውነተኛ ለመሆኑ ከኋላው የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ። "60%" ከሚለው ሥር ያለው አምፔር ትክክለኛው ቁጥር ነው። ከአሥር ደቂቃ ስድስቱን ሳያርፍ መበየድ የሚችልበት ነው። ፊት ለፊት 300፣ ሰሌዳው ላይ በ60% 110 የሚል ካያችሁ የገዛችሁት ባለ 110 ነው። ሰሌዳ ከሌለውም መልሱ ያው ነው፤ አስቀምጡት።

160 አምፔር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከ22 አምፔር በላይ ይስባል። ስለዚህ የራሱ መስመርና ብሬከር ያስፈልገዋል። የመስመሩን ሽቦ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዘርጋላችሁ፤ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

የኛ አገር ሌላው ጉድ የመብራቱ አቅም ነው። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቱ ይወርዳል። ተራ ኢንቨርተር ከ187 ቮልት በታች ሲሆን ይዝላል፤ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ በያጁም "ማሽኑ ቻይና ስለሆነ ነው" ይላል። ማሽኑ ምን አጠፋ? ዝቅተኛ ቮልት የሚችል ብሎ ሰሌዳው ላይ የጻፈ ማሽን ካገኛችሁ ጨምራችሁ ግዙት። ከገጠር መስመር መጨረሻ ላይ ለምትኖሩት ይህ ከብራንድ ስም ይበልጣል።

ቮልቱን የሚበላው የመንግሥት መስመር ብቻም አይደለም። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ገመድ 50 ሜትር ዘርግታችሁ ማሳው ዳር ብትበይዱ 27 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ገመዱም ይግላል። ባለ 4 ገመድ 30 ሜትር ቢሆን የሚጠፋው 6 ቮልት ብቻ ነው። የማሽን ብራንድ ለመቀየር ከመነሣታችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ።

ከርካሽ ማሽን ጋር የሚመጡት የብየዳ ገመዶችም ይመርመሩ። ጫፉን በቢላ ፈቅ ፈቅ አድርጉት። ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ይግላል፣ መቆንጠጫው ሥር ይቃጠላል። እኔ ብሆን ርካሹን ማሽን ገዝቼ ገመዱን ወዲያው በ25 ካሬ ሚሊ መዳብ እቀይረዋለሁ፤ የኧርዝ መቆንጠጫውንም እንዲሁ። "ማሽኑ ተሻለው" የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው።

በእጅ የተጠቀለለው፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው የአገር ውስጥ ትራንስፎርመርስ? መጠቅለያው መዳብ ከሆነ አልንቀውም። አቧራ አይገድለውም፣ ሰርኪዩት ቦርድ የለው፣ ሲበላሽ የሰፈሩ ጠቅላይ ይሠራዋል። ችግሩ የሚያወጣው ተለዋዋጭ ከረንት መሆኑ ነው። ከታች የማነሣው 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ፣ ተራው፣ በእሱ ላይ በደንብ አይነድም። ለበርና ለአጥር ይሆናል፤ ለተሳቢ አንገት ግን ኢንቨርተር እመርጣለሁ።

ኤሌክትሮድ

ሱቅ ገብታችሁ "ኤሌክትሮድ ስጠኝ" ካላችሁ 6013 ነው የሚሰጧችሁ። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይነሣል፣ ድሮሱ በሱ ነው የተማርነው። ለላሜራ፣ ለቱቦላሬ፣ ለአንግል ሥራ ከዚህ ሌላ አትፈልጉ።

ሸክምና ንዝረት ያለበት ቦታ ላይ ግን 7018 ነው። የማረሻ ፍሬም፣ ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር የሚያገናኘው የሦስት ነጥብ ማያያዣ ጆሮ፣ የተሳቢ አንገት። ብየዳው ከመሰንጠቁ በፊት ይለመጣል፣ ይታገሣል። ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ለአንድ ማረሻ የሚገባው ጥቂት ፍሬ ነው። እዚህ መሰሰት የትራክተሩን ቀን ኪራይ መክፈል ነው።

7018 አንድ አመል አለው፤ እርጥበት ይጠላል። ሽፋኑ እርጥበት ከጠጣ ሃይድሮጅን ብየዳው ውስጥ ይገባና ከሥሩ ያሰነጥቀዋል። ከላይ ሲያዩት ውብ ነው፣ ከውስጥ ግን ተሰንጥቋል። ከታሸገበት ከወጣ በኋላ በአራት ሰዓት ውስጥ ተጠቀሙበት። የረጠበውን መልሶ ለማድረቅ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚደርስ ምድጃ ይፈልጋል። የወጥ ቤት ኦቨን እዚያ አይደርስም። የእንጀራ ምጣድ ላይ የሚደረድሩም አሉ፤ ላዩን ያሞቁታል፣ ምጣዱንም ከባለቤቷ ጋር ያጣላሉ። ስለዚህ ትልቁን ካርቶን በቅናሽ ከመግዛት ትንሿን አየር የወጣላትን ጥቅል ግዙ። የተረፈውን ሸክም ለሌለበት ሥራ አውሉት።

በዚህ አጋጣሚ ባሌስትራን (የመኪና ሱስታውን ብረት) በ6013 ማረሻ ላይ የምትለጥፉ፣ ተዉ። ባሌስትራ ካርቦኑ ብዙ ነው፤ ሳይሞቅ ከተበየደ ከብየዳው ጎን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። አሙቁት፣ በ7018 በይዱት፣ ከዚያ አመድ ውስጥ ቀብራችሁ ቀስ ብሎ ይብረድ።

ለማረሻ ጫፍ የሚሆን ጠንካራ መሸፈኛ ኤሌክትሮድ የሚባል አለ። ውድ ነው። መረሬ አፈር ላይ አሸዋና ጠጠር ካለ ግን ዋጋውን ይመልሳል። ጫፉን በሁለቱም በኩል አትሸፍኑት። በአንድ በኩል ብቻ ስትሸፍኑት ሌላው ጎን እየተበላ ስለት ራሱን ይስላል።

ፑንታና ቡሎን

ሃያ አምስት ፑንታ በሳጥን፣ ሁሉም ወርቅማ። ያምራል። ወርቅማው ግን ሽፋን ነው፤ አንዴ ከሞረዳችሁት ጫፉ ላይ የለም። ከሥሩ ያለው ብረት ነው ወሳኙ። በሳጥኑ ዋጋ አምስት ጥሩ ፑንታ ግዙ። እኔ የምይዘው 4፣ 6፣ 8.5፣ 10.2 እና 13 ነው። 8.5 ለባለ 10 ቡሎን ፊሌቶ (ጥርስ) ማውጫ፣ 10.2 ለባለ 12 ይሆናል። የማረሻ ብረት ጠንካራ ስለሆነ ከአምስቱ ሁለቱን 5 በመቶ ኮባልት ያለበት አድርጉ።

ጥሩ ፑንታም ቢሆን ዙሩ ሲፈጥንበት ይሞታል። ባለ 10 ፑንታ በተራ ብረት ላይ በደቂቃ 800 ዙር ይበቃዋል፣ ባለ 20 ደግሞ 400። የእጅ ድሪል ግን ሙሉውን ስትጫኑት ብዙ ጊዜ ከ2,000 በላይ ይዞራል። ቀስ አድርጉ፣ ዘይት ጠብ አድርጉ፣ በቀጭኑ ጀምሩ። ከ13 በላይ የሆነውን ቀዳዳ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ለዓመት ሁለት ቀዳዳ ብላችሁ የቁም መሰርሰሪያ መግዛት ገንዘብ መቅበር ነው።

ቡሎን ላይ ጭንቅላቱን አንብቡ። 8.8 የሚለው ለፍሬም ነው፣ 10.9 ለበለጠ ሸክም። ምንም ያልተጻፈበት የመጋረጃ ዘንግ ማሰሪያ ነው። ፒን ከፌሮ ቆርጣችሁ አትሥሩ፤ ፌሮ ለኮንክሪት ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጠንካራው ቡሎን ክፉ ነው። በፒቲኦ፣ ማለትም ከትራክተሩ በሚወጣው ዘንግ፣ የሚዞር ዕቃ ላይ እንዲበጠስ ታስቦ የሚገባ ቡሎን አለ። ድንጋይ ሲያጋጥም እሱ ተበጥሶ ጊርቦክሱን ያድናል። ሁለት ሦስቴ የተበጠሰበት ሰው ተናዶ 10.9 ያስገባበታል። ቀጥሎ የሚበጠሰው ጊርቦክሱ ነው። መመሪያው ያዘዘውን ደረጃ ብቻ አስገቡ፣ መለዋወጫም ኪሳችሁ ይኑር።

መለኪያ

ርካሽ ሜትር፣ ርካሽ ካሊፐር፣ ርካሽ ስኳድራ ይበቃል። ስኳድራውን በቀላሉ ፈትኑት፤ ላሜራ ላይ መስመር አስምሩ፣ ገልብጡትና ከዚያው ነጥብ ደግማችሁ አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ካልተጋጠሙ መልሱት።

ከ60 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት ያላቸው የኛ አካባቢ ማሴ ፈርጉሰን ትራክተሮች የሦስት ነጥብ ማያያዣቸው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ምድብ ነው። የታችኛው ፒን 28 ሚሊ፣ የላይኛው 25 ሚሊ፣ በሁለቱ የታችኛው ነጥቦች መካከል 825 ሚሊ፣ ከታች እስከ ላይኛው ነጥብ 610 ሚሊ። አንደኛው ምድብ ፒኖቹ 22 እና 19 ሚሊ ናቸው፣ ስፋቱ 683። ዕቃ ከመሥራታችሁ በፊት የራሳችሁን ትራክተር ለኩ። አንደኛውን ምድብ ፒን ሁለተኛው ጆሮ ውስጥ አስገብቶ መንዳት ቀዳዳውን እንቁላል ያደርገዋል።

ገላን የሚነካ

እዚህ ላይ ስስት የለም። ራሱ ከሚጠቁረው ማስክ የማይታወቅ ርካሽ ካገኛችሁ ተዉትና ተራውን ባለ 11 ቁጥር ጥቁር መስታወት ግዙ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ባትሪ የለውም፣ ሳይጠቁር የሚያሳልፍባችሁ ብልጭታም የለም። የማይመቸው መጀመሪያ ስታነሡ ስለማያሳይ ነው፤ ይለመዳል። ራሱ የሚጠቁረው ምቾት ነው፣ ሲሆን የሚታወቅ ይሁን። የብየዳ ብልጭታ ያቃጠለው ዓይን ላይ ማታ ድንች መደርደር ሕክምና አይደለም።

ክሪክ ሌላው ነው። ርካሽ ሃይድሮሊክ ክሪክ ያነሣል፣ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል። ለማንሳት ብቻ ተጠቀሙበት። ከሥር የምትገቡ ከሆነ ከወፍራም ቱቦላሬ የተበየደ መቆሚያ አስገቡበት። በትራክተሩ ሃይድሮሊክ የተነሣ ማረሻ ሥር ደግሞ ለደቂቃም እንዳትገቡ። ልጆች ሊቨሩን ይነካሉ።

ሞርሳ አዲስ ርካሽ አትግዙ። ርካሹ ተቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ተሰባሪ ብረት ነው፤ መዶሻ ስታሳርፉበት መንጋጋው ይለቃል። ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ብትሉ አሮጌ ከባድ ሞርሳ ይገኛል። ዘንጉን ፈትታችሁ ፊሌቶውን እዩ፣ መንጋጋውን እየነቀነቃችሁ ልቅነቱን ስሙ። ዝገቱ አያስፈራችሁ። ከአዲሱ ቀላሉ ይልቅ የአባቶቻችን ዘመን አሮጌ ይሻላል።

ስም ያለው ሁሉ ስም አይደለም

የታወቀ ብራንድ በግማሽ ዋጋ ካገኛችሁ ዕድል አትበሉት። ሻጩን "ኦርጅናል ነው?" በሉት። "ኦርጅናል ኮፒ ነው" ካላችሁ ቢያንስ እውነቱን ተናግሯል። ሰሌዳው ላይ የአምራቹ ስምና የመለያ ቁጥር አለ? ፊደሎቹ ቀጥ ብለዋል? ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ከአካሉ ጋር ይገጥማል? እነዚህ ካልተሟሉ ስም ከሌለው ርካሽ ይልቅ ይህ ይከፋል፤ ውዱን ከፍላችሁ ርካሹን ነው የምትወስዱት። እንዲያ ከሚሆን በግልጽ ርካሽ የሆነውን ግዙ፣ የተረፈውን ዲስክ አድርጉት።

ከዜሮ የምትጀምሩ ከሆነ የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ጥቁር መስታወቱ፣ ጓንቱና የግራይንደር መነጽሩ። ቀጥሎ ርካሽ ግራይንደር ከጥሩ ዲስኮች ጋር። ከዚያ እውነተኛ 160 አምፔር ኢንቨርተር፣ በተቀየረ ገመድ። አሮጌ ሞርሳ። አምስት ፑንታ። ሁለት ትንንሽ ጥቅል 7018፣ ያልተከፈቱ። መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ሰጌቶ ምንም ይሁን። ኮምፕሬሰሩን ለከርሞ አሳድሩት፤ ቀለም በብሩሽም ይቀባል።